ያረጀችው የጨረቃ ጉድጓድ

ከሰማይ አካላት ሁሉ ገጽዋን ለሰው ዓይን ገልጣ የምታሳየው ጨረቃ ናት። ፀሐይን ትኵር ብሎ የሚመለከት ዓይኑን ይጐዳል፤ ከዋክብትም እጅግ ሩቅ በመሆናቸው ከነጥብ በቀር ሌላ መልክ አይሰጡም። ጨረቃ ግን ከእኛ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ርቃ ሳለች፥ በፊቷ ላይ ያለውን ነጭና ጥቁር ሕፃናት እንኳ ለይተው ያውቁታል። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንናገረው ግን ስለ መላው ገጽዋ አይደለም። በላይዋ ካሉት አያሌ ጉድጓዶች መካከል ስለ አንዲቱ፥ ይኸውም እጅግ አርጅታ ጠርዟ ስለ ተሸረሸረው ስለ ካታሪና ነው። እንዲህ ያለችው ጉድጓድ ካማሩትና ካልተነኩት ይልቅ ብዙ ታሪክ ትናገራለችና፥ አንባቢ ጥቂት ታግሦ ቢከተለን ድካሙ በከንቱ አይቀርም።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት፥ አማርኛን በመማር ላይ ላሉት ባልደረቦቻችን ጥቂት ቃላት እንግለጥ። «ወር» የሚለው ቃል የመጣው «ወርኅ» ከሚለው የግዕዝ ቃል ነው፤ የዚህም ትርጕሙ ጨረቃ ማለት ነው። በትግርኛ «ወርሒ» ሲባል እስከ ዛሬ ድረስ ጨረቃም ወርም ማለት ይሆናል። አማርኛ ግን ለሰማዩዋ ብርሃን «ጨረቃ» የሚለውን ስም ይዞ፥ «ወር»ን ለዘመን መቍጠሪያ ብቻ አስቀርቶታል። ስለዚህ አንድ ሹም «የወሩ ሒሳብ» ብሎ በጻፈ ቍጥር ሳያስበው የጨረቃን ስም ይጠራል። «ጠርዝ» የአንድ ነገር ዳር ነው፤ የጉድጓድ ጠርዝ ስንልም ዙሪያውን ከፍ ብሎ የከበበውን ከንፈሩን ማለታችን ነው። «እርከን» ገበሬ አፈሩ በጎርፍ እንዳይወሰድበት በተዳፋት ላይ የሚሠራው ደረጃ ነው። «መሸርሸር» ደግሞ ጥቂት በጥቂት መበላት፥ መናድና መሳሳት ነው። እነዚህን ቃላት የያዘ ሰው የቀረውን ያለ ችግር ይረዳል።

ይህ ጽሑፍ የሚጻፈው ከጁባ ወደብ ነው። ወደቡ ነጭ ዓባይ ባሕር ኤል ጀበል እየተባለ በሚጠራበት ስፍራ፥ በወንዙ ምዕራባዊ ዳርቻ ይገኛል፤ ወደ ቦርና ወደ ማላካል የሚወርዱት የጭነት ጀልባዎች የሚነሡት ከዚህ ነው። ጁባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 5 ዲግሪ ያኽል ብቻ ርቃ ስለምትገኝ፥ ጨረቃ ብዙ ጊዜ በአናት ላይ ወይም በአናት አጠገብ ታልፋለች። አዲስ የወጣችውም ጨረቃ ሁለት ቀንዶቿን ወደ ሰማይ አቅንታ፥ በውሃ ላይ እንደ ተቀመጠች ታንኳ ተጋድማ ትታያለች። ስለዚህ ከዚህ ወደብ ሆኖ ጨረቃን መመልከት፥ ከሰሜን አገሮች ሆኖ ከመመልከት ይልቅ ለዓይን የተመቸ ነው፤ ጨረቃዋ ከፍ ባለች መጠን የምናይባት አየር እየሳሳና እየጠራ ይሄዳልና።

ካታሪናን ማየት የሚፈልግ ሰው ጨረቃ ከታደሰች በ5ኛው ቀን፥ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይውጣ። ጨረቃዋ በዚያን ጊዜ በምዕራብ በኩል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ የምትጠልቀውም ከምሽቱ 4 ሰዓት ግድም ነው። ብርሃኑና ጨለማው በሚለያዩበት መስመር ላይ፥ ከመስመሩ አጋማሽ ጥቂት ወደ ደቡብ፥ ማለት ፊቱን ወደ ምዕራብ ላዞረ ሰው ወደ ግራ፥ በእጅ በሚያዝ የሩቅ ማያ መነጽር ይፈልግ። እንደ ሰንሰለት ቀለበት የተያያዙ ሦስት ትልልቅ ክቦች ያያል። በአጠገባቸው ጠቈር ያለ ሜዳ አለ፤ የጥንት ሰዎች ውሃ መስሏቸው ባሕር ብለው ጠሩት እንጂ ቀልጦ የፈሰሰና የረጋ ድንጋይ ነው።

የሦስቱ ጉድጓዶች ስም ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም። በሰሜን ያለው ቴዎፍሎስ፥ በመካከል ያለው ቄርሎስ፥ በደቡብ ያለችው ካታሪና ይባላሉ። ስሞቹን የሰጠው ጆቫኒ ባቲስታ ሪቾሊ የተባለ የኢጣልያ ካህንና የከዋክብት ተመራማሪ ሲሆን፥ የጨረቃን ካርታ ያሳተመበት ዓመት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1651 ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ቴዎፍሎስና ቄርሎስ የእስክንድርያ ሊቃነ ጳጳሳት ነበሩ። የቄርሎስ ስም በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግዕዝ በተተረጐመው «ቄርሎስ» በተባለው መጽሐፍ በአገራችን ጸንቶ ይኖራል። ሁለቱም የፋሲካን ቀን በጨረቃ ሒሳብ አስልተው ሰንጠረዥ ያዘጋጁ ስለ ሆነ፥ በባሕረ ሐሳብ አበቅቴና መጥቅዕ መቍጠር ለለመደ የአገራችን ሊቅ ስማቸው በጨረቃ ላይ መገኘቱ የሚያስደንቅ አይሆንም። ካታሪናም በትውፊት በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በእስክንድርያ ሰማዕትነት የተቀበለችው ቅድስት ናት።

በታሪክ ቴዎፍሎስ አጎት፥ ቄርሎስ የእኅቱ ልጅ ነው። አጎቱ በ412 ሲሞት የእኅቱ ልጅ መንበሩን ወረሰ። በጨረቃ ላይ ግን ነገሩ ተገልብጦ፥ ልጁ ከአጎቱ ይበልጣል። ይህን የሚያሳውቀን ምንድን ነው? የቴዎፍሎስ ጠርዝ ሙሉ ክብ ሆኖ ሳይቈረጥ ይታያል፤ የቄርሎስ ጠርዝ ግን በሰሜን ምሥራቅ በኩል በቴዎፍሎስ ተበልቶ ጐድሏል። የተቈረጠው ከቈራጩ ይቀድማል፤ ያልነበረ ነገር ሊቈረጥ አይችልምና። ይህች አንዲት ሕግ የጨረቃን ታሪክ ለሚያጠና ሰው የመጀመሪያዋ ቍልፍ ናት።

እንግዲህ በሦስቱ መካከል ያለውን ልዩነት እንመልከት። ሦስቱም በስፋታቸው ተቀራራቢ ናቸው፤ የእያንዳንዱ አግድመት 100 ኪሎ ሜትር ያኽላል። ይህም ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ በቀድሞው የመኪና መንገድ የሚኬደውን ያኽላል ማለት ነው። የቴዎፍሎስ ውስጠኛ ግድግዳ እንደ ኮንሶ እርሻ በእርከን በእርከን ሆኖ ይወርዳል፤ ከመካከሉም 1400 ሜትር ያኽል ከፍታ ያለው፥ ብዙ ጫፎች ያሉት ተራራ ይነሣል። የቄርሎስ እርከኖች ግን ደብዝዘዋል፤ የመካከል ተራራዎቹም ዶልዱመው ክብ ክብ ሆነዋል። ወደ ካታሪና ስንደርስ እርከን ጨርሶ አይገኝም፤ የመካከሉ ተራራም ፈርሶ ምልክቱ ብቻ ቀርቷል ለማለት ይቻላል።

የካታሪናን ገጽ በየክፍሉ ብናየው እንዲህ ነው። ጠርዟ ክብነቱን አጥቶ የተጠማዘዘና የተሸራረፈ ሆኗል። ጥልቀቷ ግን ዛሬም 3 ኪሎ ሜትር ያኽላል፤ ይኸውም 1500 ሜትር የሚደርሰው የሰሜን ተራሮች ገደል ሁለት ጊዜ ቢደራረብ ነው። የሰሜኑን ግድግዳዋን ሌላ ትልቅ ጉድጓድ ቈርጦታል። ትንንሾቹ ጉድጓዶች በጎረቤታቸው በትልቁ ስም ላይ አንድ የላቲን ፊደል እየተጨመረላቸው ስለሚጠሩ፥ ይኸኛው «ካታሪና ፒ» ይባላል። እርሱም ራሱ አርጅቶ፥ ቀለበቱ በካታሪና ወለል ላይ እንደ ቀስት የታጠፈ ዝቅተኛ ሸንተረር ሆኖ ቀርቷል። የሰሜን ምሥራቁን ግድግዳ ደግሞ ከዚያም ያነሱ ጉድጓዶች ተደራርበው አፍርሰውታል። ወለሏ በጠቅላላው ሜዳ ቢመስልም ጐርበጥባጣ ነው፤ በደቡቡ ግድግዳ አጠገብም የአንድ ትንሽ ጉድጓድ ቅሪት ይታያል።

የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በመዝገብ ቤት ያለ አንድ አሮጌ ደብዳቤ ያስብ። በመጀመሪያ ጽሑፉ አለ፤ በጽሑፉ ላይ ማኅተም ወርዷል፤ በማኅተሙ ላይ አንድ ኀላፊ ምሪት ጽፎበታል፤ በምሪቱ ላይ ደግሞ ሌላ ፊርማ ተጥሏል። ቀኑ ባይጻፍ እንኳ የትኛው ቀለም በየትኛው ላይ እንዳለፈ አይቶ፥ ማን ቀድሞ ማን እንደ ተከተለ መናገር ይቻላል። ካታሪናም እንዲሁ ናት። መጀመሪያ እርሷ ሆነች፤ ቀጥሎ «ፒ» ሰሜኗን ቈረጠ፤ ከዚያ ትንንሾቹ መጡ፤ በመጨረሻም አቧራ ሁሉን አለበሰ። ከእርሷ በስተ ምዕራብና በስተ ደቡብ የአልታይ ገደል የተባለ፥ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ታላቅ የተጠማዘዘ ግድግዳ አለ። እርሱም ያንን ጠቋራ ሜዳ የያዘው ሰፊ ሸለቆ በታላቅ ምት ሲፈጠር የቀረ የውጭ ቀለበት ነው። ካታሪና በዚህ ቀለበት ውስጥ ሳትጠፋ መገኘቷ ከዚያ ታላቅ ምት በኋላ መሆኗን ያስረዳል። ስለዚህ ጠባሳዋ ጕድለቷ ብቻ አይደለም፤ መዝገቧም ነው።

በጁባ ወደብ የቦቴ መኪና ሹፌር የሆነ አንድ የአገራችን ወጣት፥ በመነጽሩ ሦስቱን ክቦች ካየ በኋላ፥

«ጋሼ፥ እዚያ ወንዝ የለም፤ ነፋስም የለም ይላሉ። ታዲያ ማን ሸረሸራት?» ሲል ጠየቀ።

ጥያቄው የሚገባ ነው። በወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ውሃ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ዝናብ በበረታበት ዓመት ወንዙ ዳርቻውን ሲንድ፥ ያንኑ አፈር ወስዶ በሌላ ስፍራ ደለል ሲያደርገው ይታያል። በምድር ላይ ከሰማይ በወደቁ ድንጋዮች የተቈፈሩ ተብለው የተረጋገጡት ጉድጓዶች 200 ያኽል ብቻ የሆኑትም ስለዚህ ነው፤ ብዙዎቹን ውሃ፥ ነፋስና የመሬት መንቀሳቀስ አጥፍተዋቸዋል። ጨረቃ ግን ዝናብ የላትም። የሚሸረሽራት ያው የሚቈፍራት ነው፤ ከሰማይ የሚወርድ ድንጋይ። ትልቁ ድንጋይ ጉድጓድ ይቈፍራል፤ ከዚያ የሚበተነው ስብርባሪ በሩቅ ወርዶ የሌላውን ጠርዝ ይመታል፥ ወለሉንም ይሞላል። ከአሸዋ ቅንጣት የሚያንሱት ደግሞ፥ የሚያቃጥላቸው አየር ስለሌለ ያለ ማቋረጥ እየወረዱ ዓለቱን ወደ አቧራ ይለውጡታል። የቀኑ ሙቀት በምድር ወገቧ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች ከ100 ዲግሪ በላይ ይወርዳል። ይህም መፈራረቅ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። ጨረቃም አልፎ አልፎ ትንቀጠቀጣለችና፥ የላላው ሁሉ ከግድግዳው ወደ ታች ይንሸራተታል።

ሥራው ግን እጅግ ዘገምተኛ ነው። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። በጨረቃ ላይ ሰሜን ጨረር የተባለ፥ 1 ኪሎ ሜትር ያኽል ስፋት ያለው ጉድጓድ አለ፤ ዕድሜው በድንጋዮቹ ተመርምሮ 50 ሚሊዮን ዓመት ያኽል ሆኖ ሳለ፥ ጠርዙ ዛሬም የተሳለ እንደ ሆነ ነው። እንግዲህ የካታሪናን እርከንና ተራራ አጥፍቶ ለመጨረስ ምን ያኽል ዘመን እንዳስፈለገ አንባቢ ይገምት። ብዙ ሊቃውንት ከ3.8 ቢሊዮን ዓመት በላይ ይሰጧታል።

ይህን በቤቱ ለልጆቹ ለማሳየት የሚወድ አባት ወይም እናት ብዙ ወጪ አይኖርበትም። በሰፌድ ላይ ዱቄት ወፈር አድርጎ ዘርግቶ፥ ከላይ አንድ ጠጠር ይጣል። ክብ ጉድጓድ ከነጠርዙ ይታያል። ቀጥሎ ሌላ ጠጠር በመጀመሪያው ጠርዝ ላይ ይጣል፤ ቈራጩና የተቈረጠው ይለያሉ። በመጨረሻ ሽንብራና ምስር በእፍኝ ተደርጎ ቢበተንበት፥ የመጀመሪያው ጉድጓድ እንደ ካታሪና ያረጃል። እውነተኞቹ ድንጋዮች ግን ፍጥነታቸው በሰከንድ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ፥ ሲመቱ እንደ ቦምብ ይፈነዳሉ እንጂ እንደ ጠጠር አይቀበሩም። በዘንባባ የመጣ ድንጋይ እንኳ ብዙውን ጊዜ ክብ ጉድጓድ የሚያወጣው ስለዚህ ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ጉድጓዶቹን ምን ቈፈራቸው በሚለው ጥያቄ ላይ ሊቃውንት ለሦስት መቶ ዓመት ያኽል ሲከራከሩ ኖረዋል። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለት ፈተናዎችን ገልጧል። በለሰለሰ ጭቃ ላይ ጥይት ጣለ፤ ክብ ጉድጓድ ወጣ። የደቀቀ ድንጋይ በእሳት ላይ አፈላ፤ አረፋው ሲፈነዳ ያው ክብ ጉድጓድ ወጣ። ድንጋዮቹ ከወዴት ሊመጡ እንደሚችሉ ስላልታወቀው ወደ ሁለተኛው አደላ። ይህ የሚያስነቅፈው አይደለም። በቢሾፍቱ ከተማ ዙሪያ ያሉትን እንደ ሆራና እንደ ባቦጋያ ያሉ ክብ ሐይቆች ያየ ሰው፥ ከሰማይ በወደቀ ድንጋይ የተቈፈሩ ናቸው ቢባል ያምናል። እነርሱ ግን የቀለጠ ድንጋይ ከመሬት በታች ካለ ውሃ ጋር ተገናኝቶ በእንፋሎት ኀይል በመፈንዳቱ የተከፈቱ የእሳተ ገሞራ አፎች ናቸው። መልክ አንድ ሲሆን ምክንያት ሁለት ሊሆን ይችላል።

ይህ ክርክር የገንዘብና የሕይወት ጉዳይ የሆነበት ቀን መጣ። ከቴዎፍሎስ 300 ኪሎ ሜትር ያኽል ወደ ምዕራብ ደካርት የሚባል ሌላ የተሸረሸረ ጉድጓድ አለ፤ 48 ኪሎ ሜትር ስፋት ሲኖረው የሰሜን ጠርዙ ፈጽሞ ጠፍቷል። በስተ ሰሜኑ ያሉትን ኮረብታዎችና ሜዳዎች ሊቃውንት በፎቶግራፍ መርምረው፥ እሳተ ገሞራ የሠራቸው ናቸው ብለው ገመቱ። ሰዎችን ወደ ጨረቃ ለመላክ የቀሩት ጉዞዎች በዚያን ጊዜ ሁለት ብቻ ስለ ነበሩ ቦታ መምረጥ እጅግ ከባድ ነበር። ያንን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለማግኘት ሲባል አፖሎ 16 ወደዚያ ተላከ። ኬን ማቲንግሊ በላይ ሲዞር፥ ጆን ያንግና ቻርልስ ዱክ በሚያዝያ 1972 ወርደው 71 ሰዓት ቈዩ። ሦስት ጊዜ ወጥተው ድንጋይ ለቀሙ፤ ከላይ የጠቀስነውን የሰሜን ጨረርንም ጠርዝ ጐበኙ። ያገኙት ግን የተጠበቀውን አልነበረም። ድንጋዮቹ ከሞላ ጐደል ሁሉም በምት ተሰባብረው፥ ስብርባሪያቸው በግፊትና በሙቀት እንደ ገና የተጣበቀ ነበሩ። ይዘውት የተመለሱት 96 ኪሎ ግራም ያኽል ድንጋይና አፈር፥ የእነዚያ ኮረብታዎች አባት እሳተ ገሞራ ሳይሆን ከታላላቅ ምቶች የተበተነ ስብርባሪ መሆኑን አስረዳ።

በዚህ ነገር ማንም ሊያፍር አይገባውም። ሊቃውንቱ ግምታቸውን በግልጥ ጻፉ፤ ሰዎቹ ሄደው በእጃቸው ዳሰሱ፤ ግምቱ ሲወድቅም መጽሐፉ ታረመ። ያለዚያ ጉዞ ስሕተቱ እስከ ዛሬ በትምህርት ቤት መጻሕፍት እንደ እውነት ሲጠና ሊኖር ይችል ነበር። ይልቁንም ሁለቱን ዕውቀቶች ለይቶ መያዝ ያሻል። የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደ ተከተለ ከሩቅ ሆኖ በማስተዋል መናገር ይቻላል፤ የቄርሎስና የቴዎፍሎስ ቅደም ተከተል ከምድር በመነጽር ታውቆ እስከ ዛሬ ጸንቷል። ነገሩ ከምን እንደ ተሠራና ለምን እንደ ሆነ ግን ብዙ ጊዜ በስፍራው ደርሶ ካልዳሰሱት አይታወቅም። ከሩቅ አውራጃ በመጣ ሪፖርት ላይ የሚወስን ሹም ይህን ልዩነት ቢያስታውስ ይጠቅመዋል። ሪፖርቱ የነገሮቹን ተራ በደንብ ሊያሳየው ይችላል፤ የተራቈተው መሬት በድርቅ ወይስ በሰው እጅ እንደ ተራቈተ ግን ወረቀቱ ብቻውን አይነግረውም።

በመጨረሻ ለሚመለከቱት ሰዎች አንድ ምክር እንጨምር። ብዙ ሰው ጨረቃን በመነጽር ለማየት የሚወጣው ሙሉ ስትሆንና ብርሃኗ ሲበዛ ነው። በዚያን ቀን ግን ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምታበራባት ጥላ አይኖርም፤ ካታሪናም ከአካባቢዋ ጋር ተመሳስላ ትሰወራለች። ያረጀ ጠርዝ የሚታየው ብርሃን በጐን ሲመጣበት ነው፤ ስለዚህ 5ኛውን ምሽት፥ ወይም ጨረቃ ሙሉ ከሆነች በኋላ 4ኛውን ወይም 5ኛውን ሌሊት ይምረጡ። በአዲስ አበባ ያሉ አንባብያን በእንጦጦ ተራራ ላይ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች እንደ ተተከሉ ያውቁ ይሆናል፤ ለካታሪና ግን ያን ያኽል አያስፈልግም። ተራ መነጽር፥ የሚደገፉበት ግንብ፥ ደመና የሌለበት ምሽትና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃል።